ከሰፈሩ መግቢያ የቆሙት ሦስት ሳጥኖች የማን ናቸው?

ጥያቄው፦ «እንግሊዝ አገር፣ ሚልተን ኪንስ ከተማ ምዕራብ ዳር አዲስ በተሠራ ሰፈር ቤት ገዝተን ከገባን አራት ወር ሆነን። ከሰፈሩ መግቢያ ሦስት ሳጥኖች ቆመዋል። አንዱ አረንጓዴ ነው፣ እስከ ወገቤ ይደርሳል፣ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው ከእሱ ጥቂት ሜትር ርቆ የቆመ ሰፋ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ያጉረመርማል። ሦስተኛው ግራጫና ቀጭን ነው። አንዳቸውም ላይ የማውቀው ስም የለም። ቤቱን የሸጠልን ሰው ፋይበር ገብቷል ብሎናል። ሁለት ታዋቂ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ጋ ስንደውል ግን አንዱ አድራሻችሁን አላገኘሁትም፣ ሌላው እናንተ ጋ አገልግሎት የለንም አሉን። ባለቤቴ ደግሞ ልጆቻችን እዚያው ስለሚጫወቱ ጨረር ይኖረው ይሆን ብሎ ይሰጋል። ሳጥኖቹ የማን እንደሆኑ በምን ልለይ? የሁለት ልጆች እናት።»

እህቴ፣ የልጆች ነገር ስለሆነ ከመጨረሻው ልጀምር። የፋይበር ሳጥን አንቴና አይደለም። በመስመሩ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ያውም ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ በሆነ የመስታወት ክር ውስጥ የታሰረ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን። ከሳጥኑ ወጥቶ አየር ላይ የሚበተን ነገር የለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የተነቀለ ወይም የተቆረጠ ፋይበር ጫፍ ላይ ዓይን ደቅኖ ለሚያይ ሰው ነው። ይህ ደግሞ እንደ እኔ ከፍቶ ለሚሠራ የፋይበር ቴክኒሻን እንጂ አጠገቡ ኳስ ለሚያንከባልል ልጅ የሚነገር አይደለም። ባለቤትዎ ልባቸውን ያሳርፉ። እኔን ይልቅ ያሳሰበኝ ሦስተኛው፣ ግራጫው ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ። እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ያኔ መንገድ ዳር ሳጥን አይተን የማን ይሆን ብለን አናውቅም፤ የቴሌ ነው፣ አለቀ። ኤምሳን የምንለው ትልቁ ሳጥን፣ ከእሱ ወደ ቤት የሚወርደው የመዳብ ማከፋፈያ፣ ከመሬት በታች ያለው ማንሆል፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። እዚህ መጥቼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬን «እዚህ አገር ቴሌው ማነው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። አሁን ጥያቄው ገብቶኛል፣ የሳቀበት ምክንያትም ገብቶኛል። የድሮው የመንግሥት ስልክ ወራሽ ቢቲ ነው፤ መስመሮቹን የሚይዘው ክንፉ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኦፕንሪች ይባላል። ከእሱ ሌላ በቴሌቪዥን ኬብል የጀመረው ቨርጂን ሚዲያ አለ፣ ሲቲፋይበር አለ፣ ገጠር ገጠሩን የሚዘረጋው ጊጋክሊር አለ፣ ለአዲስ ሰፈሮች ብቻ የሚሠሩም አሉ። ሁሉም የየራሱን ሳጥን ያቆማል፣ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ያው አረንጓዴ ነው። ስለዚህ በቀለም መለየት አይቻልም፤ ይህን ከወዲሁ ከአእምሮዎ ያውጡት።

በነገራችን ላይ እኛ የሙያው ሰዎች ካቢኔት እንላለን። አንድ ዘመዴ በስልክ «ዛሬ ካቢኔት ስከፍት ዋልኩ» ስለው የሚኒስትሮቹን ስብሰባ መስሎት ደንግጦ ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሳጥን ይበቃናል።

የብዙ ሰው ስህተት ከሳጥኑ መጀመር ነው። ሳጥኑ ደጃፍዎ ስለቆመ የእርስዎ ይመስላል፤ ከሳጥኑ ተነስተው ወደ ቤትዎ ሊደርሱ ይሞክራሉ። እኔ የምመክርዎ ተቃራኒውን ነው። ከቤትዎ ውስጥ ይነሱና ወደ ውጭ ይሂዱ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከደረጃው ሥር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 26 ቀን 2022 ጀምሮ የፀና የሕንፃ ደንብ አለ፤ ክፍል አር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ለተጀመረ አዲስ ቤት አልሚው፣ ማለትም ሰፈሩን የሚሠራው ድርጅት፣ በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት መሸከም የሚችል መሠረተ ልማት እንዲያስገባ ያስገድዳል፤ መስመሩን ለማገናኘትም በአንድ ቤት እስከ 2,000 ፓውንድ ድረስ ወጪ እንዲያደርግ። ስለዚህ ሻጩ «ፋይበር ገብቷል» ያለው ውሸት ላይሆን ይችላል። ያልነገራችሁ የማን ፋይበር እንደሆነ ነው። ደረጃው ሥር፣ ወይም የልብስ ማጠቢያው ባለበት ክፍል፣ ወይም የመብራት ብሬከሩ አጠገብ ይፈልጉ። የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽም የሚበልጥ ነጭ ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ያገኛሉ። ኦኤንቲ ይባላል፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ራውተሩ ወደሚገባው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው እሱ ነው። የኦፕንሪች ከሆነ ስሙ ፊቱ ላይ ተጽፎበታል። ሌላ ከሆነ ጎኑን ወይም ሥሩን ይዩ፤ የተለጠፈ ወረቀት አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የፋብሪካው ስም የኔትወርኩ ባለቤት ስም አይደለም። ኖኪያ ወይም ካሊክስ የሚል ቢያነቡ ዕቃውን የሠራው ነው እንጂ መስመሩን የዘረጋው አይደለም።

ኦኤንቲ ከሌለ፣ ከቤቱ ውጭ በር አካባቢ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሳጥን ትኖራለች፤ ፋይበሩ ከመሬት ወጥቶ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚገናኝባት ናት። እሷም ብዙ ጊዜ ስም አላት። አትክፈቷት፤ ውስጧ ያለው ክር አንድ ጊዜ ከታጠፈ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል።

ቀጥሎ የስልኩ መልስ። ከሁለቱ አቅራቢዎች የሰማችሁት አንድ ዓይነት እምቢታ አይደለም፣ የተለያየ ነገር ነው የነገሯችሁ። «አድራሻችሁን አላገኘሁትም» ማለት የመረጃ ጉዳይ ነው። አዲስ ቤት በፖስታ ቤቱ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ገና ያልተሠራ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሰው ገብቶበት ወደ ዋናው መዝገብ ሲዛወር፣ ከዚያም የየኩባንያው ኮምፒውተር ሲያድሰው፣ ሳምንታት ይሄዳሉ። የሰፈሩ መንገድ ስም በግንባታ ጊዜ የመሬት ቁጥር ብቻ ሆኖ የቆየ ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ በሁለት ስም ተመዝግቦ ይሆናል፤ አንዱ በቁጥር፣ አንዱ በመንገዱ ስም። ስትደውሉ ይህን የመሬት ቁጥርም ንገሯቸው። ከሽያጭ ውሉ ላይ አለ።

«እናንተ ጋ አገልግሎት የለንም» ያለው ግን አድራሻውን አግኝቶታል፤ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ይህ መልስ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። ምክንያቱም በኦፕንሪች መስመር ላይ ቢቲ፣ ስካይ፣ ቶክቶክ፣ ቮዳፎን፣ ብዙዎቹ ይሸጣሉ። በሲቲፋይበርም ላይ ቮዳፎንና ቶክቶክ አሉ። ለአዲስ ሰፈር ብቻ ከሚዘረጉት ውስጥ ግን አንዳንዱ መስመር ላይ የሚሸጡት ሌሎች፣ ስማቸውም ብዙ ያልተሰማ አቅራቢዎች ናቸው። ለምሳሌ ጂቲሲ የሚባለው ለአዲስ ሰፈር ጋዙንም፣ መብራቱንም፣ ውሃውንም፣ ፋይበሩንም በአንድ ቁፋሮ የሚዘረጋ ድርጅት ነው፤ የፋይበሩን ኔትወርክ የሚያስተዳድረው የዚያው ቡድን አባል ኦኤፍኤንኤል ይባላል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ለታዋቂው አቅራቢ ቢደውሉ የለንም ይልዎታል፣ እውነቱን ነው። ፋይበሩ ግን ግድግዳዎ ላይ አለ። ስለዚህ የመብራት ወይም የጋዝ ሂሳባችሁን አውጡና ለአካባቢው ከሚያከፋፍለው ዋና ድርጅት ሌላ የኔትወርክ ስም ካለበት እዩ። መብራቱን የዘረጋላችሁ ራሱን የቻለ ትንሽ ድርጅት ከሆነ ፋይበሩም የእሱ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ከቀለሙ ይልቅ የሚጠቅመው ሳጥኑ መብራት ይበላል አይበላም የሚለው ነው። ሦስት ነገር ይሞክሩ። አየር ማስወጫ ቀዳዳ በሩ ላይ ወይም ከጣሪያው ሥር አለው? ጆሮዎን ጠጋ ሲያደርጉ የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል? በውርጭ ጠዋት ጣሪያው ላይ በረዶው ይቀራል ወይስ ቀድሞ ይቀልጣል? የመጨረሻውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ጥር ወር ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ስወጣ ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን አያለሁ፤ አንዱ ጣሪያው ላይ ውርጩ ስኳር እንደተነሰነሰበት ዳቦ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ሌላው እርጥብና ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ድመት ተጠቅልሎ ተኝቷል። ድመቱ የተኛበት ውስጥ መብራት የሚበላ መሣሪያ አለ። ውርጩ የቀረበት ውስጥ ያለው ወይ የመስታወት ክር ነው፣ ወይ የድሮ መዳብ።

ድምፁንም ይለዩት። የማራገቢያ ድምፅ እንደ ነፋስ ነው፣ ሲሞቅ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። የመብራት ትራንስፎርመር ግን እንደ ንብ ነው፤ አገሩ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብረቱ በእጥፉ፣ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። ጀምሮ የሚያቆም፣ ደግሞ የሚጀምር ከሆነ ፓምፕ ነው። ሌሊት ሌሊት ያጉረመርማል ያሉት ቀን መኪናው ስለሚሸፍነው ይመስለኛል። አንድ ምሽት አምስት ደቂቃ ቆመው ያዳምጡት።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። ከሁለት ክረምት በፊት አንድ አዲስ ሰፈር ሄጄ ፋይበር ላገናኝ ነበር። ከሥራ ትእዛዙ ጋር የመጣው ንድፍ ሳጥኑ ከሰፈሩ ጥግ፣ ከአጥሩ አጠገብ ነው ይላል። ሄድኩ፤ ሰው የሚያህል አረንጓዴ ሳጥን አለ። በዚያ የሚያልፍ የግንባታ ሠራተኛ ጠየቅኩት፣ «አዎ፣ ፋይበር ነው» አለኝ። ቁልፌ አልገባ አለ። ግማሽ ሰዓት ታገልኩ፣ ቢሮ ደወልኩ፣ ሌላ ቁልፍ ይላክልኝ አልኩ። በመጨረሻ ነፋሱ ሲዞር ጠረኑ ነገረኝ። የፍሳሽ ማስወጫ ፓምፕ ቤት ነው። ሠራተኛው አልዋሸኝም፤ ሳጥኑ የተሠራው ከፋይበር ግላስ ነው፣ እሱ የነገረኝ ቁሱን ነው። የእኔ ሳጥን አልነበረም ማለት ነው፤ ክሩ የሚገናኘው ከእግሬ ሥር፣ ቆሜበት የነበረው ክዳን ውስጥ ነበር። ያንን ንድፍ የሳለውን ሰው ዛሬም አልረሳሁትም።

ይህን ያነሳሁት ለሳቅ ብቻ አይደለም። ለእናንተ ቤት የሚሠራ ሳጥን ጭራሹን ላይኖር ይችላል። ኦፕንሪች ፋይበርን እስከ ቤት ሲያደርስ ከስልክ ጣቢያው የሚነሳው አንድ ክር በመንገድ ላይ ስፕሊተር በሚባል ነገር ይከፈላል፤ አንዱ ለ30 ገደማ ቤቶች ይበቃል። ስፕሊተሩ መብራት አይፈልግም፣ አይሞቅም፣ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች፣ ውሃ በማያስገባ ጥቁር ጉልላት ውስጥ ተዘግቶ ማንሆል ውስጥ ይሰቀላል። ክረምት ላይ ክዳኑን ስናነሳ ውሃ ሞልቶ ጉልላቱ ተንሳፍፎ እናገኘዋለን፣ ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ጣቢያው 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊርቅ ስለሚችል በመካከል የሚያግዝ መሣሪያ አያስፈልግም። በሌሎቹ ኔትወርኮች ግን ሳጥን አለ፤ አንዳንዶቹ ድምፅ አልባ ማከፋፈያ ያቆማሉ፣ አንዳንዶቹ መብራት የሚበላውን ዋናውን መሣሪያ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ያቆማሉ።

አሁን ወደ እናንተ ሁለት አረንጓዴዎች። ዝም የሚል ወገብ የሚደርስ፣ ከእሱ ጥቂት ሜትር የሚያጉረመርም ሰፋ ያለ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው አዲስ ፋይበር አይደለም። ይህ የድሮ ባልና ሚስት ነው። ዝም ያለው የመዳብ ስልክ መስመሮች የሚገናኙበት፣ በሙያው ፒሲፒ የምንለው ነው። የሚያጉረመርመው እ.ኤ.አ. ከ2009 እና 2010 ወዲህ ኦፕንሪች በየአጠገባቸው ያቆመው ነው፤ ፋይበር ከጣቢያው እስከ እሱ ይመጣል፣ ከእሱ እስከ ቤት ግን ያው የድሮው መዳብ ነው የሚወስደው። ትልቁ ዓይነት እስከ 288 መስመር ይይዛል፣ ፍጥነቱም ቢበዛ በሴኮንድ 80 ሜጋቢት ነው። አብረው የሚቆሙት በመካከላቸው የመዳብ ገመድ ስላለና መዳብ በረዘመ ቁጥር ስለሚደክም ነው።

እንዲህ ከሆነ ጥንዱ የቆሙት ለእናንተ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ላለው የቀድሞ መንደር ነው። ሰፈራችሁ እርሻ ሳለ ነበሩ። ደጃፍ ቆሞ ለሌላ ቤት የሚሠራ ሳጥን፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ግን ሊሆን ይችላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጉግል ካርታ ላይ ገብተው ስትሪት ቪው የሚባለውን የመንገድ ላይ ፎቶ ይክፈቱ፣ የድሮ ቀኖችን የሚያሳየውን ይጫኑ፣ ከሰፈራችሁ ግንባታ በፊት የተነሳውን ምስል ያውጡ። አጥርና ሳር ብቻ በሚታይበት ምስል ላይ ሳጥኖቹ ቆመው ከሆነ የእናንተ አይደሉም፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ከሌሉ አዲስ ናቸው፤ የሚያጉረመርመው የአዲሱ ኔትወርክ ዋና መሣሪያ፣ ዝም ያለው ማከፋፈያው ሊሆን ይችላል። የድሮው ፒሲፒ በሩ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ተደራርቦ የተቀባ ነው፣ ሥሩ ዝገት ይታያል። በቢቲ የጅምላ ክፍል የአድራሻ መፈተሻ ላይ የመዳብ መስመር ያለውን የጎረቤት መንደር አድራሻ ቢያስገቡ ካቢኔት ቁጥር ስንት ላይ እንዳለ ይነግርዎታል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገናኙ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ስለ ሚልተን ኪንስ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1967 በአዋጅ የተቆረቆረች ናት፤ ሰፈሮቿ በብዛት ሲሠሩ መዳብ ተወዶ ስለነበር አንዳንድ ቦታ የስልክ መስመሩ በአሉሚኒየም ተዘርግቷል። አሉሚኒየም ለድምፅ ይበቃ ነበር፣ ለኢንተርኔት ግን መከራ ሆነ፤ ሰዉ ለዓመታት ሲያማርር ኖሯል። ሲቲፋይበርና ቮዳፎን እስከ ቤት የሚደርስ ፋይበር አብረው ለመዘርጋት ሲነሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከእሷ መጀመራቸው ያስኬዳል። ስለዚህ በእናንተ ከተማ ከመግቢያው መንገድ ላይ የሲቲፋይበር ሳጥን ማየት የሚያስገርም አይደለም። ወደ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ገብቷል ማለት ግን አይደለም፤ አልሚው ከሌላ ጋር ተዋውሎ ከሆነ ከደጁ ይቀራል።

ክዳኖቹን ይዩ፤ አያንሷቸው፣ ብቻ ያንብቧቸው። በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ በቀዩ የብስክሌት መንገድ ዳር፣ ብረት ወይም ሲሚንቶ የተሞላ ክዳን አለ። ከድሮዎቹ ላይ ፖስት ኦፊስ የሚል ያገኛሉ፣ ስልክ በፖስታ ቤት ሥር በነበረበት ዘመን የተቀበረ ነው። ቢቲ የሚል አለ። ሲኤቲቪ የሚል ካዩ የኬብል ቴሌቪዥን ዘመን ነው። የሌሎቹም ስም ተቀርፆ ይገኛል። ሆኖም አንድ ወጥመድ አለ። ኦፕንሪች ቱቦውንና ምሰሶውን ለተፎካካሪዎቹ እንዲያከራይ በቴሌኮም ተቆጣጣሪው በኦፍኮም ይገደዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ገደቡ ላልቷል። ስለዚህ ቢቲ የሚል ክዳን ሥር የሌላ ድርጅት ክር ሊያልፍ ይችላል። ክዳኑ የቱቦውን ባለቤት ይነግርዎታል እንጂ የክሩን አይነግርዎትም። ቁፋሮ ገና ያልተዘጋ ካለ የቱቦውን ቀለም ይዩ፦ ሰማያዊ ውሃ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ጥቁር ወይም ቀይ መብራት ነው፤ ግራጫ የኦፕንሪች ልማድ ነው፣ አረንጓዴ የኬብልና የሌሎች ቴሌኮሞች። ልማድ ነው ያልኩት አንዳንድ ሰፈር ላይ እጁ የገባውን የሚቀብር ሥራ ተቋራጭ ስላየሁ ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመንገድ ሥራ ሕግ መንገድ የሚቆፍር ድርጅት ስሙንና የአደጋ ጊዜ ስልኩን በቦታው ላይ እንዲሰቅል ያዛል። ሥራው ካለቀ በኋላም መዝገቡ ይቀራል፤ ዋን ኔትወርክ የሚባለው የመንገድ ሥራዎች ካርታ ላይ ቦታውን ቢጫኑ ማን እንደቆፈረ ሊያዩ ይችላሉ። ይህን ሁሉም ይመክራል። ያልነገሯችሁ ግን ይህ ነው፦ የአዲስ ሰፈር መንገዶች ለዓመታት በአልሚው እጅ ይቆያሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ገና አልተረከባቸውም፤ ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ የተቆፈረው እዚያ ካርታ ላይ ላይኖር ይችላል። መፈለግ ያለብዎት በውስጥ መንገዱ ሳይሆን የሰፈሩ ቱቦ ከዋናው መንገድ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ የቆፈረው መንገዱ የሕዝብ ስለሆነ ፈቃድ መውሰድ ነበረበት፣ ስሙም ይገኛል። ሦስቱ ሳጥኖች ከመግቢያው ላይ ስለሆኑ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ።

ሌላው ወረቀት እናንተው እጅ ያለ ነው። ቤቱን ስትገዙ ጠበቃችሁ የላከው የዝውውር ሰነድ አለ፤ ብዙ ሰው ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። በብዙዎቹ ውስጥ በመሬታችሁ ላይ መስመር የማሳለፍና ገብቶ የመጠገን መብት የተሰጣቸው ድርጅቶች ይጠቀሳሉ። ከነስማቸው ከተዘረዘሩ የሳጥኑን ባለቤት ፍለጋ መንገድ ላይ መውጣት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ከሌለ አልሚውን «የአገልግሎት መስመሮች ንድፍ» ይጠይቁት። የሽያጭ ቢሮውን አይደለም፣ የግንባታ ቦታውን የሚመራውን። የሽያጭ ቢሮ ፋይበር ገብቷል ከማለት በላይ አያውቅም።

ግራጫው ቀጭን ሳጥን። የኢንተርኔት አይመስለኝም። ከመንገድ መብራት ምሰሶ ተርታ ከቆመ የመብራት ማከፋፈያ ነው፤ ከትራፊክ መብራት አጠገብ ከሆነ የእሱ መቆጣጠሪያ ነው። በሩ ላይ መብረቅ ያለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይፈልጉ። ካለበት ልጆቹ እንዳይወጡበት፣ ኳስ እንዳያጋጩበት፣ በተለይ በሩ ላልቶ ወይም ቁልፉ ተሰብሮ ካዩ በእጅዎ አይግፉት፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ላይ ይደውሉ። ቁጥር ከሌለው በ105 ይደውሉ፤ የአካባቢው የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ያነሳል። የፋይበር ሳጥን በሩ ቢከፈት ጎረቤቱ ኢንተርኔት ያጣል፣ የዚህ በር ሲከፈት ግን ሰው ይሞታል።

አጠገባቸው ረጅም ምሰሶ፣ 15 ሜትር ወይም 20 ሜትር የሚሆን ቢኖር ኖሮ የሞባይል ኔትወርክ ሳጥኖች ናቸው እል ነበር፤ እነሱም በተርታ ሦስት አራት ሆነው ይቆማሉ። ስላልጠቀሱት እንደሌለ ቆጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ደረጃው ሥር ገብተው ይዩ፣ ከዚያ ስትሪት ቪውን ይክፈቱ፣ ከዚያ ወጥተው የሁለቱን አረንጓዴ ሳጥኖች በርና ከሥራቸው ያሉትን ክዳኖች ፎቶ ያንሱ። ፎቶ ማንሳት ችግር የለውም፣ መንገድ ላይ ነው። ኦኤንቲው ላይ ስም ካገኙ ሳጥኖቹን ይርሷቸውና በኦፍኮም የአድራሻ መፈተሻ ላይ አድራሻችሁን አስገብተው ያ ኔትወርክ መኖሩን ይዩ፤ በላዩ ላይ የሚሸጡትን ዝርዝር የኔትወርኩ ባለቤት ራሱ ያወጣዋል፣ ለማታውቁት ስም ለመደወል አትፍሩ። ስም ካላገኙ የክዳኖቹን ፎቶ ይላኩልኝ፤ ከሳጥኑ ይልቅ እነሱን ማየት እፈልጋለሁ።